የፍልፈሉ አራተኛ መልክ

ስልኩ ሲደወል ናዙና ኢዙታኒ የሦስት መቶ ተማሪዎች ሾርባ እያማሰለች ነበር። በሂሜጂ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። ከኦሳካ የደወለው ሰው ራሱን ኢንስፔክተር ቶሪጎኤ ብሎ አስተዋወቀና አባቷ ሾሳኩ ኢዙታኒ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ የውጭ ደረጃ ግርጌ ወድቆ መገኘቱን ነገራት። በሕይወት እንደሌለም ሳያድበሰብስ ጨመረላት። ናዙና «አመሰግናለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ተመልሳ ሾርባው እስኪበስል አማሰለች፤ ጨውም ቀመሰች። የሆነውን የተናገረችው አለቃዋ ፊቷን አይታ «ምን ሆነሻል?» ስትላት ነው።

በባቡሩ ውስጥ ስታስብ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሐዘን አልነበረም። ትናንት እሁድ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አባቷ ደውሎላት ነበር። «አዲሱን ሞጉታ አጽድቅ ብለው ወጥረው ይዘውኛል» አላት። እሷ ደግሞ ደክሟት ነበር። «አባዬ፣ በቃ ማኅተምህን አድርግላቸውና ተገላገል። ያንተን ፍልፈል የሚያስታውሰው ሰው የለም እኮ» አለችው። «እሺ» አለና ዘጋ። በማግስቱ ሞቶ ተገኘ።

ሞጉታ በቴሌቪዥን ጌም ውስጥ መሬት እየቆፈረ የሚሄድ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ የካርቱን ፍልፈል ነው። ቶቢኢሺ የተባለውን ትንሽ የጌም ድርጅት አሥራ አንድ ዓመት ያበላው እሱ ነው። የሳለው ደግሞ አባቷ ነው።

ኢንስፔክተር ቶሪጎኤ በአባቷ መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ጠበቃት። አጭር፣ ጉንፋን የያዘው፣ የአፍ መሸፈኛውን አገጩ ላይ አውርዶ የሚያወራ ሰው ነው። አባቷ ጠረጴዛ ላይ የተገኘውን ወረቀት አሳያት። የአዲሱ ሞጉታ ማጽደቂያ ቅጽ ነው፤ ከታች እያንዳንዱ ኃላፊ በፊርማ ፋንታ የስሙን ማኅተም የሚያኖርባቸው ሳጥኖች አሉት፤ በአንደኛው ውስጥ «ኢዙታኒ» የሚለው ቀይ ክብ ማኅተም ታትሟል።

«የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የሚሉት፣ አባትሽ ይህን አጽድቀው፣ አዝነው፣ ከደረጃው ራሳቸውን ወረወሩ ነው።»

«እንግዲያው የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች ናዙና። ድምጿ የዳቦ ዋጋ የምትናገር ይመስል ነበር። የስልኩንም ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ገና ተራሽ አልደረሰም» አለ ቶሪጎኤ አፍንጫውን እየጠረገ። «የአባትሽ ኮት የግራ እጅጌው ቁልፍ የለውም። ክሩ ተጎትቶ ነው የተበጠሰ። ራሱን የሚወረውር ሰው እጅጌውን ማን ይጎትትለታል? እኔ አባትሽን አላውቃቸውም። አጠገቤ ተቀመጪና ስሳሳት አርሚኝ።»

ናዙና ተቀመጠች። እጆቿ የሽንኩርት ሽታ ነበራቸው፤ እሱም ቢሆን የሌላ ሰው ሽታ መሰላት።

ከአባቷ ሌላ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የገባው ሶኖቤ የተባለ የሃያ አራት ዓመት ሠዓሊ ነው፤ አዲሱን ሞጉታ በኮምፒውተር የሠራው እሱ ነው። ዓይኖቹ አብጠዋል።

«ከአቶ ኢዙታኒ ጋር ትናንት ተጣልተሃል አሉ» አለ ቶሪጎኤ።

«ትናንት ብቻ? በየቀኑ ነው። መምህሬ ካልጮኹብኝ የታመሙ ይመስለኝ ነበር።»

ቶሪጎኤ ከመደርደሪያው ያወረደውን አሮጌ ማኅደር ገለጠለት። «እስቲ ለእኔ ለደንቆሮው አስረዳኝ። ይሄ ሁሉ ጠብ በአንድ ፍልፈል ነው?»

ሶኖቤ የመጀመሪያውን ቅጽ አሳየ። «ያኔ የጌም ማሽኑ ለአንድ ሥዕል የሚፈቅደው ወርዱም ቁመቱም አሥራ ስድስት ነጥብ ነው። ቡናማ ፍልፈል ቡናማ አፈር ውስጥ አይታይም፤ ስለዚህ መምህሬ ነጭ ጓንት ሰጡት። ለዓይን የሚሆን ነጥብ አልተረፋቸውም፤ ስለዚህ ዕውር ሆነ። ጌሙም በዚያው ተበጀ፤ ሞጉታ መንገዱን የሚያገኘው በእጁ እየዳሰሰ ነው።» ገጽ ገለጠ። «ሁለተኛው ጊዜ አፍ አበቀለ። ሦስተኛው ጊዜ ቦርጭና ጫማ አወጣ፤ ፈገግታም ጨመሩለት። ሦስቱንም መምህሬ በደስታ ነው ያጸደቁት።»

«አራተኛውስ?»

ሶኖቤ ጥግ ላይ ወደቆመው የካርቶን ሞጉታ ተመለከተ። ክብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሕፃን ጡጫ የሚያካክሉ አረንጓዴ ዓይኖች ያሉት ነገር ነው። «ዓይን አወጣ። መምህሬ አይተው፣ "ካየማ ለምን ይቆፍራል?" አሉኝ። ዓይን ሥራለት ብለው ያዘዙኝ የዕቅድ ኃላፊው አቶ ናሜካዋ ናቸው። እኔማ ሲያዙኝ መሥራት ነው።»

ቃሉ በጽሑፍ ሰፍሮ ማኅተሙን እንዲያደርግ ሲጠየቅ ሶኖቤ አፈረ። «ማኅተም የለኝም። እኛ ሠዓሊዎቹ ቅጹ ላይ ሳጥን የለንም። አንድም ቀን አትሜ አላውቅም።» አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ።

ቀጥለው የገቡት የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ኩሮይዋ ናቸው። ስድሳ ዓመታቸው ነው፤ በዚያ ጠዋት ሰባ ይመስሉ ነበር። ናዙናን ሲያዩ ከወገባቸው ታጠፉ፤ ቶሎም አልተነሡ።

«ሾሳኩ ወንድሜ ነበር» አሉ። «ሌላው ቢቀር ቃል ገብቼለት ነበር። በሞጉታ ጉዳይ የመጨረሻው ማኅተም ያንተ ነው፣ ከእኔም በኋላ ነው አልኩት። ለዚህ ነው የእሱ ሳጥን ከእኔ ሳጥን በስተግራ የተቀመጠው።»

«እንደሚታወቀው ሳጥኖቹ ከቀኝ ወደ ግራ ከትንሽ ወደ ትልቅ ናቸው። ታዲያ አንድ ተቀጣሪ ከእርስዎ በላይ?»

«በፍልፈሉ ጉዳይ ብቻ። በሌላው ሁሉ አለቃው እኔ ነኝ።» ማኅተማቸውን አወጡና ቃላቸው ላይ አኖሩት። እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ማኅተም ነው።

የመጨረሻው ሰው ናሜካዋ ነው። ዕድሜው አርባ አምስት ነው፤ ለፖሊሶቹ ሻይ ያስመጣ፣ ለናዙናም ወንበሯ ላይ ትራስ ያስደረገ እሱ ነው። የዚህ ዓይነት ሰው ሲገባ ሁሉም ትንሽ ይቀለዋል።

«ትናንት ሥራዬን ጨርሼ በጊዜ ወጣሁ» አለ። «ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ቅጹን ሳየው ግን ልቤ ተሰበረ። ማኅተማቸውን አይተውታል ኢንስፔክተር? አዘንብሏል። አሥራ አንድ ዓመት ቀጥ ብለው የኖሩ ሰው በመጨረሻ ጎንበስ አሉ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።»

እንዲህ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የበታች ማኅተም እንደ ባለቤቱ ያጎነብሳል። የአለቃው ሳጥን በስተግራ ስለሆነ ማኅተሙን ወደ ግራ ጋደል አድርጎ ማኖር ጨዋነት ነው። ቀጥ አድርጎ የሚያትም የበታች ሠራተኛ ደረቱን እንደነፋ ይቆጠራል። ማንም በጽሑፍ አላዘዘውም፤ ግን አዲስ ገቢው በሁለተኛው ሳምንት ይማረዋል።

«እውነት ነው?» ሲል ቶሪጎኤ ወደ ናዙና ዞረ። «ቀጥ አድርገው ነበር የሚያትሙት?»

«ፖስታ ቤት እንኳ ሲሄድ ማስመሪያ አስደግፎ ነው የሚያትመው። ከኋላው የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፤ እኔ አፍራለሁ» አለች። የተዘነበለውን ማኅተም ደግማ አየችው። አባቷ እሷን ሰምቶ ማስመሪያውን የጣለ መሰላት። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ በረዶ ተቀመጠ፤ አላመማትም፤ ይልቅ እንዳላመማት ማወቋ አስፈራት።

ናሜካዋ ቃሉን አትሞ፣ ለሁሉም እጅ ነስቶ ወጣ። ቶሪጎኤ ስልክ ለመደወል ተነሣ። ሲመለስ ሦስቱን ሰዎች ወደ ስብሰባ ክፍሉ አስጠራ።

ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ቅጹን ጠረጴዛው መካከል ዘረጋው። ጉንፋኑ ድምፁን ስለዘጋው ጎንበስ ብለው ነበር የሚሰሙት።

«ከእጅጌው ልጀምር። ቁልፉ ተበጥሷል። ስለዚህ አቶ ኢዙታኒ ደረጃው ላይ ብቻቸውን አልነበሩም። አብሯቸው የነበረው ሰው አምቡላንስ አልጠራም። ይልቅ ራሳቸውን ያጠፉ እንዲመስል፣ ለሞታቸው ምክንያት የሚሆን አንድ ነገር ፈለገላቸው። ይህን ማኅተም።»

«ማኅተሙ የሾሳኩ ነው። አውቀዋለሁ» አሉ ኩሮይዋ።

«ማኅተሙ የእሳቸው ነው፤ እጁ አይደለም። አቶ ናሜካዋ እንዳሉት አዘንብሏል። በመጨረሻ ጎንበስ አሉ፤ ያሳዝናል። እኔም ላዝን ስል አንድ ነገር አወከኝ። ወዴት ነው ያዘነበለው?»

ሶኖቤ አንገቱን አሰገገ። «ወደ ግራ።»

«ፕሬዚዳንቱ የት ናቸው?»

«ከእሳቸው ሳጥን... በስተቀኝ።» ሶኖቤ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

«ለፕሬዚዳንቱ ሊያጎነብሱ ቢፈልጉ ወደ ቀኝ ነበር ማዘንበል። በስተግራ ያለው የወረቀቱ ጠርዝ ነው። ታዲያ ይህ ማኅተም እጅ የነሣው ለማን ነው? ለጠረጴዛው? አስቦ የሚያጎነብስ ሰው ለማን እንደሚያጎነብስ ያውቃል። ይህ ሳያስብ የተደረገ ነው። ዓመታት ሙሉ ወደ ግራ ማጎንበስ የለመደ እጅ፣ በድንጋጤ ሰዓት፣ የለመደውን አደረገ።»

ሦስቱን የምስክርነት ቃሎች ደረደረ።

«ሶኖቤ ማኅተም ይዞ አያውቅም፤ እጁ የለመደው ነገር የለም። ፕሬዚዳንቱ በራሳቸው ቤት ከላያቸው ሰው የላቸውም፤ ይኸው ቀጥ ያለ ነው። ይሄኛው ደግሞ ዛሬ ጠዋት፣ የፖሊስ ወረቀት ላይ፣ ማንም አለቃ በሌለበት የታተመ ነው።»

የናሜካዋ ማኅተም ወደ ግራ ጋደል ብሎ ነበር። በስተግራው ያለው ባዶ ወረቀት ነው።

ናሜካዋ ፈገግ አለ። «ኢንስፔክተር፣ በዚህ አገር እንዲህ የሚያትም ሚሊዮን ሕዝብ አለ።»

«አለ። ትናንት እዚህ የነበረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤቱ ደውዬ ነበር። የጌሙ ማሸጊያ ካርቶን፣ ይህ አረንጓዴ ዓይናም ያለበት፣ መታተም የጀመረው አርብ ነው። "ማኅተሞቹ ሁሉ ተሟልተዋል" ብለው ያዘዟቸው እርስዎ ነዎት። አርብ ዕለት ግን የአቶ ኢዙታኒ ሳጥን ባዶ ነበር።»

ኩሮይዋ ቀስ ብለው ወደ ናሜካዋ ዞሩ። ናሜካዋ ግን የሚያየው ናዙናን ነበር።

«ማተሚያ ቤቱ ተራችንን ለሌላ እንዳይሰጥብን ብዬ ነው» አለ። «በመጨረሻ እሺ ይላሉ ብዬ አመንኩ፤ ሁሌም ተጨቃጭቀው እሺ ይላሉ። ትናንት ደረጃው ላይ ሲያጨሱ አገኘኋቸው። ካርቶኑ መታተሙን ነገርኳቸው። ብረቱ ላይ ተንበረከክሁ። ግንባሬን አስነካሁ። እሳቸው...»

«ምን አለ?» አለች ናዙና። ከሦስቱ ሰዎች አንዱን ስታናግር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«"ልጄ እንኳ አድርግላቸው ብላኛለች። እሷን እንዳትጨነቅ ብዬ እሺ አልኳት፤ አንተን ግን አልልህም" አሉ። "ተነሥ፣ ሱሪህ ይቆሽሻል" አሉኝ። አልፈውኝ ሊወርዱ ሲሉ እጅጌያቸውን ያዝኩ። መነጨቁኝ። ከዚያ... አልነበሩም። ወርጄ ሳያቸው አይተነፍሱም። ምን እንዳደረግሁ እኔም አላውቅም፤ ወደ ላይ ወጥቼ የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፈትኩ፤ ማኅተማቸውን አንሥቼ ቅጹ ላይ አተምኩ።»

ሶኖቤ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። አንድ ፖሊስ የናሜካዋን ክንድ ያዘ፤ ናሜካዋ በሩ ላይ ሲደርስ ከልማዱ ዞሮ ለፕሬዚዳንቱ እጅ ነሣ። ኩሮይዋ ፊታቸውን አዞሩ።

ቶሪጎኤ ቅጹን አጥፎ ፖስታ ውስጥ ከተተው። ናዙና ከወንበሯ አልተነሣችም።

«አላተመም ማለት ነው» አለች።

«አላተሙም።»

«በስልክ እኮ እሺ ብሎኝ ነበር።»

«ልጅ በስልክ ስትጨነቅ አባት ሌላ ምን ይላል?»

«ስለዚህ ዋሸኝ።»

«አዎ ልጄ። ዋሽተውሻል።»

ናዙና «ዋሸኝ» የሚለውን ቃል ደግማ በቀስታ አለችው፤ እንደ ሾርባው ጨው የምትቀምሰው ይመስል ነበር። አባቷ አልሰማትም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሰምቷት አያውቅም፤ ትናንትም አልሰማትም። ያን ጊዜ ማልቀስ ቻለች፤ ኢንስፔክተሩም መሸፈኛውን ወደ አፉ መልሶ እስክትጨርስ አብሯት ተቀመጠ።