ጠቆር ያለችው ነጥብ

ሲሄድም ሲያወራም ስለሚቸኩል የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ «ጥድፌ» ይለው ነበር። እኔ የኤክስሬይ መሣሪያው ኃላፊ ነኝ። መጀመሪያ የመጣ ቀን ፈዛዛ ቢጫ ዱቄት በብልቃጥ ይዞ ነበር። በዓይን የማይለዩ የብረታ ብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቻቸው እንዴት እንደተደረደሩ ለመመረቂያ ጥናቱ በጨረሩ እንዳይለት ለመነኝ።

«ቀስ በል፤ ዱቄቱ አይሸሽም» አልኩት።

«እሱስ አይሸሽም፤ አንቺ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትወጫለሽ።»

ሳቅኩ። በቃ፣ እንዲህ ተጀመረ።

ስምንት ወር ሙሉ ስክሪኑ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዲት መስመር ስትሳል ጠበቅን። ክንዱ ክንዴን ሲነካ ማናችንም ፈቀቅ አንልም። «የምጽፈው አንቺ ያየሽውን ነው። ዓይኔ ነሽ» ይለኝ ነበር። እናቱ ደግሞ በተመረቀ በወሩ ሠርጋችን ይሁን ብለው ቆርጠዋል።

አንድ ጠዋት መስመሯ ቦታዋን ለቀቀች። ኤሌክትሮኖቹ ተለውጠዋል ማለት ነው፤ ሲመኘው የኖረው ውጤት። አቀፈኝና እዚያው ለእናቱ ደወለ። «እማዬ፣ ተሳካ! አዳራሽ ፈልጊ!»

እሱ ሲወጣ ናሙናውን አነሳሁት። ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ አለች። ዱቄቱን የለወጠው ራሱ ጨረሩ ነበር፤ ውጤቱ የውሸት ነው። ጨረሩ አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ እንዳያቃጥለው በየልኬቱ ናሙናውን ፈቀቅ ማድረግ የኔ ሥራ ነው፤ እጁን በእጄ ይዤ ረሳሁት።

ደንብ ነውና መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። ለሱ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ እናቱ የሠርግ ቀሚሴን ልክ ሊወስዱ መጡ፤ ክንዴን ዘርግቼ ተለካሁ፤ ሳልነግረው ቀረሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔው ግን ነቀዘ።

ጥናቱን ለፈታኞች ያቀረበ ዕለት ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ፈታኝ የመሣሪያውን መዝገብ አስመጥተው ኖሯል።

«ጨረሩ ናሙናህን አልጎዳውም ትላለህ?» አሉት።

ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ። «አልጎዳውም። ጎድቶት ቢሆን ትነግረኝ ነበር።»

ሴትዮዋ ገጹን ገልጠው ሰጡት። የእጄን ጽሑፍ ያውቀዋል።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩበት። «ለመዝገብ የነገርሽውን ለኔ መንገር አቃተሽ?» አለኝ።

እንዳላጣህ ፈርቼ ነው ልለው ነበር። እሱ ግን ወደ ደረጃው ዞረ። ሥራውን እንደ አዲስ ሠርቶ በሁለተኛው ዓመት እንደተመረቀ ከሰው ሰማሁ። እኔን የሚቆጨኝ ግን ያ ኮሪደር ነው። ያ ጥድፌ፣ የዚያን ቀን ደረጃውን ቀስ ብሎ ነበር የወረደው። ብጠራው ይሰማኝ ነበር። አልጠራሁትም።