ተካ የሚባለው ሰው

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ለቡ ውስጥ የዶሮ በሽታ ገባ። ከጤናዬ ሁለት መቶ ዶሮ ሠላሳ አንድ ቀረ። የሞቱትን ጓሮ እየቆፈረች ቀበረች። ዝናቡ አላባራም። እናቷ አልጋ ያዙ። መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ይጠፋ ነበር።

መስከረም ላይ የአርቢዎች ማኅበር አዲስ ጫጩት ሊሰጣት ተራ ያዘላት። የዶሮዎቿን የክትባት መዝገብ እስከ ዓርብ ካላቀረበች ግን ተራው ለሌላ ያልፋል። መዝገቡ ያለው ላፕቶፗ ውስጥ ነው። መዝገቡን ስትከፍተው እንቢ አለ፤ የማይገባት የእንግሊዝኛ የስህተት ጽሑፍ ብቻ ይወጣል።

ረቡዕ ጠዋት ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ወዳለው ለሜሳ ሱቅ ይዛው ሄደች። ለሜሳ ኮምፒውተር ይጠግናል። ላፕቶፑንም የሸጠላት እሱ ነው። ስትመጣ ወንበሩን በእጅጌው ይጠርጋል፤ ስትሄድ እስከ ታክሲው ይሸኛታል። የሚያወራት ግን ስለ ባትሪ ነው።

«ለሜሳ፣ ይሄ ኤክሴል ገደለኝ» አለችው።

«ያን ሁሉ ዶሮ የቀበረች ሴት በኤክሴል አትሞትም።»

ሳቀች። ከክረምቱ ወዲህ ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር።

ፋይሉን ነካው። ጽሑፉ ወጣ። አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ፋይሉን ተካ ከፍቶ እየሠራበት ነው» ይላል።

ተካ ማነው? በእሷ መዝገብ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ማነው? ባለፈው ሳምንት በሞተር ሲያደርሳት ያየው ሰውዬ ይሆን? ጃኬቱ አዲስ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለች።

«መዝገቡን ማነው የሚጽፍልሽ?»

«ራሴ ነኛ። ማን ይጽፍልኛል?»

ዓይኗን አየ። ዓይኗ አልሸሸም። ይሄ ይበልጥ አናደደው።

«ጠፍቷል» አለ። «አይመለስም።»

ጤናዬ ላፕቶፑን ፌስታል ውስጥ መልሳ ወጣች። አልሸኛትም።

ያን ቀን ሥራ አልሠራም። ካቻቪቴውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። በሞተር ያለፈ ሁሉ ተካ መሰለው።

ሐሙስ ከሰዓት የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ ነጋ መጡ። ላፕቶፓቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት።

«ስማ፣ ይሄ ተካ የሚባል ሰው ማነው?»

ለሜሳ ብድግ አለ። «የት አገኙት?»

«ባገኘውማ አንቀው ነበር! መብራት በጠፋ ቁጥር የድንኳን መዝገቤን ይይዝብኛል። የዕድራችን አባል እንኳ አይደለም!»

ለሜሳ ጽሑፉን አየና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ዓምና ከአንድ የተዘጋ ቢሮ ስድስት አሮጌ ላፕቶፖች ገዝቶ ነበር። አንዱን ለጋሽ ነጋ፣ አንዱን ለጤናዬ ሸጠ። ተካ የዚያ ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ፕሮግራሙ የተመዘገበው በስሙ ነው። ለሜሳ ስሙን ሳይቀይር ሸጣቸው። ባትሪያቸው የደከመ ነውና መብራት ሲሄድ ድርግም ይላሉ፤ ፕሮግራሙም ተካ ፋይሉን እንደከፈተ የቀረ ይመስለዋል። ለማንም ሌላ ደንበኛ ቢሆን ይህን በአንድ ደቂቃ ይነግረው ነበር።

የጋሽ ነጋን አስተካክሎ ሱቁን ዘጋና ጤናዬ ቤት ሄደ።

ጤናዬ ባዶ የክትባት ብልቃጦች መሬት ላይ ደርድራ ቀናቸውን ደብተር ላይ ትገለብጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። ግማሹ ብልቃጥ የለም።

«አልጠፋም» አለ። «ዋሽቼሽ ነው።»

ላፕቶፑን ተቀብሎ መብራት ሲጠፋ በተካ ስም የቀረውን ድብቅ ፋይል አጠፋ። መዝገቡ ተከፈተ። እሷ ግን መዝገቡን አላየችም።

«ለምን?»

«የተካ ስም ወጣ። የአሮጌው ባለቤት ስም ነው። እኔ ባለሞተሩ መስሎኝ...»

«የዶሮ ሐኪሙ ዶክተር ሮበሌ? የአራት ልጆች አባት?»

አቀረቀረ።

«ለቅናቱ ፈጣን ነህ» አለች። «ዓምና በታክሲ ብስራተ ገብርኤል ስንደርስ ‹አንድ ነገር ልንገርሽ› አልከኝ። ረዳቱ ‹ወራጅ አለ?› ሲል ዘለህ ወረድክ። እኔ እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ። ያ ቃል አለብህ፣ ለሜሳ።»

ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ ተንኮሻኮሹ። ለሜሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እወድሻለሁ» አለ። «እናትሽ ይዳኑና ሽማግሌ እልካለሁ።»

ጤናዬ ደብተሩን ዘጋች።

«የዓምናውን ከፈልክ» አለች። «የትናንቱ ውሸት ገና ነው።»

ይህን ስትል ግን እየሳቀች ነበር።