የናኦድ መርዶ

ቴክሳስ፣ ሮውሌት በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ለዓይን ሦስት ሰው፣ ለልብ ግን አራት ሰው የሚኖርበት ቤት ነበር። አራተኛው ናኦድ ነው። አየለ ሚስቱን አሰለፈችን ነፍሰ ጡር ሳለች ትቷት ቀድሞ አሜሪካ ገባ። እሷ በኮሎምቢያ በኩል ስትከተለው የስምንት ወር ልጇን አዝላ ነበር፤ የደረሰችው ግን ባዶ ጀርባዋን ይዛ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ወባ ገደለው፣ ደጋግ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከዛፍ ሥር ቀበሩት ብላ ነገረችው። አየለም ልጁን በዓይኑ ሳያይ ያቺን ዛፍ ይዞ ተጽናና። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ያሰበው ያቺኑ ዛፍ ነው። ዘንድሮ የአሜሪካ ፓስፖርት ሲያገኝ የኮሎምቢያ ትኬት ቆረጠ፤ የናኦድ ስም የተቀረጸበት ትንሽ እብነ በረድም አሠራ። ምስኪን አባት! የሚሄድበት መቃብር እንደሌለ ማን ይንገረው? ጉዞው በቀረበ ቁጥር አሰለፈች እህል አልወርድ አላት።

ያን ሰሞን ቴክሳስ የተወለደችው የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ሐዳሳ፣ ለትምህርት ቤት የአንዲት ሴት ሕይወት ታጠና ነበር። ካረን ትባላለች። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት፣ ሞርሞን ከሚባሉት አማኞች ጋር ከዴንማርክ ተሰዳ፣ የእጅ ጋሪ እየጎተተች የአሜሪካን ሜዳ በእግሯ ያቋረጠች ሴት ናት። ሕፃን ልጇ መንገድ ላይ ሞቶባታል። ሐዳሳ የካረንን ደብዳቤና የዕለት ማስታወሻ ስታስተያይ ግራ ገባትና ዕቃ የምታጥበውን እናቷን ጠየቀቻት።

«እማ፣ ለእናቷ ስትጽፍ ቸርች ጋ በመዝሙር ቀበርነው ትላለች። ዳያሪዋ ላይ ግን በረዶ ውስጥ ነው፣ በድስት ክዳን ቆፍራ። ሶ፣ ዋሽታለች?»

አሰለፈች ቧንቧውን ዘጋች።

«አልዋሸችም» አለች። «መቃብር የሌለውን ልጅ መቃብር ሰጠችው።»

ከዚያ በኋላ እንባዋን ማን ያቁመው! አየለ ከሥራ ሲገባም ራሷ ነገረችው። ሆስፒታል አልነበረም፣ ቤተ ክርስቲያንም አልነበረም። ጫካ ነበር... ዝናብ ነበር... መንገድ መሪው «ተነሺ» እያለ ሲጮህባት ወንዝ ዳር ጭቃውን በእጇ ጭራ፣ ልጇን በቅጠል ሸፍና ሄደች። ቦታውን ዛሬ ብትጠየቅ አታውቀውም።

አየለ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ሊቆጣ? ማንን? የተደገፈባት ዛፍ በአንድ ቀን ተቆረጠችበት... ሐዳሳ በመስኮት ስታየው ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ነበር። ቆይቶ ሲመለስ ሚስቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ቢጫውን ሹራብ። አንተ የላክህለትን።»

እንዲያድግበት ብሎ ሰፊ አድርጎ የገዛው ሹራብ ነው። አየለ ያኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ሚስቱም አጠገቡ።

በማግስቱ ሶፋውን አውጥቶ ፍራሽ አነጠፈና ለቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ደወለ። ከአካባቢው ከተሞች፣ ከሜስኪትም ከሌዊስቪልም፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ፤ ማን እንደሞተ ግን የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ሙሉወርቅ፣ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ፣ አጠገቡ ተቀምጠው ጠየቁት።

«ልጄ ናኦድ ነው፣ እትዬ።»

«መቼ የኔ ልጅ?»

«ዛሬ።»

ቤቱ በልቅሶ ተናወጠ። ሰው ዕጣውን አይመርጥም፤ አንዳንዷ እናት ልጇን ቀብራ እንኳ ሳታለቅስ መንገዷን እንድትቀጥል ተፈርዶባታል። የካረን እናት እውነቱን ሳትሰማ ሞተች። ናኦድ ግን ዘግይቶም ቢሆን ተለቀሰለት። አየለ ትኬቱን ሰርዞ እብነ በረዱን ከጓሮው ዛፍ ሥር ተከለው። አሰለፈች ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በዚያ በኩል ታልፋለች።