የሃምሳ ደቂቃ የእግር ጉዞ

ሰው በቀን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ሲለካ ሃያ ዓመት የኖረው ዶክተር የሞተው ሲራመድ ነው። ሬሳው ከመሮጫ ማሽኑ ኋላ፣ በግድግዳውና በብረት መደርደሪያው መካከል ተጣጥፎ ወድቋል። ሲያገኙት ማሽኑ ገና በሙሉ ፍጥነት ይሽከረከር ነበር።

ነገሩ አደጋ እንዳልሆነ የተናገረው ማሽኑ ራሱ ነው። በማስታወሻው ላይ እንደሰፈረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ከሃያ ፍጥነቱ ከእርምጃ ወደ ሽምጥ ሩጫ በአንድ ጊዜ ዘሏል። ትእዛዙ የመጣው ዶክተሩ ከቆመበት ሳይሆን ከክፍሉ የመስታወት ግድግዳ ባሻገር ካለው የመቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ነው። አንድ ሰው እዚያ ተቀምጦ፣ ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶ ሲራመድ እያየ፣ ጣቱን ጫን አድርጓል። ሰው ሲወድቅ ማሽኑን የሚያቆመው የደኅንነት ገመድ እንደተለመደው መስቀያው ላይ ነበር። ዶክተሩ «ገመድ ለታማሚ ነው» ስለሚል አስሮት አያውቅም፤ ይህን ደግሞ በምርምር ቤቱ የማያውቅ የለም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው፤ በማግስቱ እሑድ ጠዋት የደወለላትም እሱ ነው።

«ሰውየው ተገኝቷል። የመሣሪያ ጠጋኙ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ እንወስደዋለን። አንቺ ወረቀቱን ብቻ አስተካክዪልኝ።»

«የማይስተካከል ከሆነስ?»

«ይስተካከላል አልኩሽ!» ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

ጠጋኙን ያስያዘው የቤቱ ሕግ ነው። እዚህ የሚሠራ ሁሉ፣ የሽማግሌዎችን እንቅስቃሴ በሚለካው ጥናት እንዳሉት ተሳታፊዎች፣ ወገቡ ላይ የክብሪት ሣጥን የምታህል ቆጣሪ ይታጠቃል። ቆጣሪዋ የሰውነትን እንቅስቃሴ በየደቂቃው ትመዘግባለች። ሰኞ ሰኞ ዶክተሩ የእያንዳንዱን ውጤት ጮክ ብሎ ያነብና ትንሽ የተንቀሳቀሰውን በሰው ፊት ያበሻቅጠዋል። በዚያ ቅዳሜ ከዶክተሩ ሌላ ሥራ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ምክትሉ የሆነችው ሴት፣ የእህቱ ልጅና ጠጋኙ። የሁለቱ ቆጣሪ በሦስት ሰዓት ከሃያ ሲራመዱ እንደነበር ይናገራል። የጠጋኙ ግን ዜሮ ነው።

ጠጋኙ እጁ በካቴና ታስሮ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ደግሞ ሌላ ሰው ላኩ? አንድ ነገር ስንት ጊዜ ልናገር?»

«እኔ እስክሰማው ድረስ።»

«ምድር ቤት ነበርኩ። የላቦራቶሪው ብስክሌት ሲንቋቋ ከርሞ ፔዳሉን ቀየርኩለት። ድምፁ መጥፋቱን ለማየት ወጥቼበት አርባ ደቂቃ ነዳሁት። ቁጭ ብለህ ነበር ይሉኛል!»

«ቆጣሪህ ነው ያለው።»

«እንግዲህ እሱን ጠይቂዋ!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሰውየው በሕይወት እያለ ሰኞ ሰኞ ወንበር ማሞቂያ እያለ ሰደበኝ። ሞቶም በቆጣሪው ሊያሳስረኝ ነው? ሚስቴ ከጠዋት ጀምሮ የግቢው በር ላይ ቆማለች። ቃሌን የሚያምን አንድ ሰው ጠፋ።»

«እኔ አምኜሃለሁ አላልኩም» አለች መርማሪዋ። «ብስክሌቱ የት ነው?»

«ምድር ቤት ነው አልኩሽ እኮ! ሂጂና ውጪበት።»

የዶክተሩን የእህት ልጅ ደረጃው ላይ አገኘችው። ቀጭን ወጣት ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ያለቀሰ ግን አይመስልም።

«አጎቴን አልወደውም ነበር። ሊጽፉት ከሆነ ይጻፉት።»

«ጻፍኩት። የት ነበርክ?»

«በዋናው በር ወጥቼ ፋርማሲ ሄድኩ። ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት። የእሱ እህት ናት። ስንት ሺህ ሽማግሌ ስንት እርምጃ እንደሄደ ያውቃል፤ የገዛ እህቱ ከአልጋ ተነሥታ እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም።»

«ጠጋኙ ይመስልሃል?»

ወጣቱ ትከሻውን ነቀነቀ። «ቆጣሪው ነው ያለው። እኔ ምን አውቃለሁ?»

የዶክተሩ ምክትል ወንበር ሳትጋብዛት አነጋገረቻት። ቢሮዋ ጠባብ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ዝቅ ያለች ማሽን፣ በላይዋ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት ሳሕን አለ። ግድግዳው ላይ በመስታወት ክፈፍ የገባ አንድ የራሷ የምርምር ጽሑፍ ተሰቅሏል።

«ይቅርታ፣ እርስዎ የተማሩት ምንድን ነው?» አለች ምክትሏ።

«ሰው ሲዋሽ መስማት።»

«እንግዲያው ጆሮዎን ያሳርፉ። እዚህ ቤት ሰው አይሰማም፤ ይለካል። እኔ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ከኋላ ያለው ሜዳ ላይ ስራመድ ነበር። ቆጣሪዬ ይኸው። የእሱ ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት ተቀምጧል ማለት ነው።»

«ብስክሌት ስነዳ ነበር ይላል።»

«አርባ ደቂቃ ብስክሌት የነዳ ሰው ዜሮ ያመጣል?» ምክትሏ ሳቀች። «ለፖሊስ ይወራ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አይወራም።»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ርዕስ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞር አለች። «ይህቺስ?»

«ነቅናቂ ናት። አዲስ ቆጣሪ ሲመጣ እላይዋ ላይ አስረን፣ ወደ ላይና ወደ ታች እያስነቀነቅን በትክክል መቁጠሩን እንፈትሽባታለን። ይንኳት አላልኩም!»

መርማሪዋ እጇን አነሣች።

በዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ብቻ ተነጥሎ ተቀምጧል። የጥናቱ ተሳታፊ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በቀይ ተከቧል፤ ሥሩ «ሰኞ» ይላል። ወረቀቱ እንደሚለው ከሆነ እኚህ አሮጊት ባለፈው ወር በየቀኑ ስምንት ሺህ እርምጃ ሄደዋል። መርማሪዋ መዝገብ ላይ ባገኘችው ቁጥር ደወለች። ልጃቸው አነሣ።

«እናቴ? እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ከያዘች ሦስት ወር ሆናት! ያን ዕቃችሁን ያኔውኑ መጥታችሁ ወስዳችኋል። ዛሬ ደግሞ ምን ልትወስዱ ነው?»

ስልኩን ዘግታ አንድ ትርፍ ቆጣሪ ወገቧ ላይ አሰረችና ምድር ቤት ወረደች። ብስክሌቱ ላይ ወጥታ ላብ በጀርባዋ እስኪወርድ ነዳች። ፔዳሉ አዲስ ነው፤ ድምፅ የለውም። ከዚያ ወጥታ ሜዳውን ዞረች። ስትመለስ ቆጣሪዋን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝታ የወጣውን ወረቀት ቆማ አነበበችው። ቀጥላ የሦስቱን ሰዎች ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋች።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉንም መሮጫ ማሽኑ ያለበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አለቃዋም መጥቷል፤ ሰዓቱን በጣቱ ይመታል።

«አሥራ አምስት ደቂቃ አለሽ።»

«ይበቃኛል። ከብስክሌቱ ልጀምር።» ወረቀቷን አነሣች። «ዛሬ ይኼን ቆጣሪ ታጥቄ ሩብ ሰዓት ብስክሌት ነድቻለሁ። እግሬ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ቆጣሪው የጻፈልኝ ዜሮ ነው። ለምን? ብስክሌት ላይ የሚዞረው እግር ነው፤ ወገብ ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ስለዚህ የጠጋኙ ዜሮ ተቀምጦ ነበር ማለት አይደለም። ብስክሌት እየነዳ ከነበረም ያው ዜሮ ነው የሚመጣው።»

ጠጋኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ይኼን አለማወቅ ለእኔ ነውር አይደለም» አለች መርማሪዋ ወደ ምክትሏ ዞራ። «ለእርስዎ ግን ነው። ግድግዳዎ ላይ የሰቀሉት ጽሑፍ ‹ወገብ ላይ የሚታሰር ቆጣሪ ብስክሌት መንዳትን አያይም› ይላል። የጻፉት እርስዎ ነዎት። አርባ ደቂቃ የነዳ ሰው ዜሮ ያመጣል ወይ ብለው የሳቁብኝም እርስዎ ነዎት። ንጹሕ ሰው መታሰሩ የሚጠቅመው ማንን ነው ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።»

«እኔ ሜዳው ላይ ነበርኩ! ቆጣሪዬን አይተሻል!» ምክትሏ «እርስዎ» ማለቱን ረሳችው።

«በደንብ አይቼዋለሁ። ይኼ የዚህ ልጅ የፋርማሲ መንገድ ነው። ይሄዳል፣ መኪና ሲመጣ ይቆማል፣ ደረጃ ላይ ያዘግማል። አንዱ ደቂቃ ሌላውን አይመስልም። የእርስዎ ግን ሃምሳውም ደቂቃ አንድ ዓይነት ነው። ሃምሳ ደቂቃ ሳይቆም፣ ጫማውን ሳያጠብቅ፣ ሳያስነጥስ የሚሄድ ሰው የት አለ? ይሁን፣ አለ እንበል። ቆጣሪው እንቅስቃሴን በሦስት ዓምድ ይጽፋል፤ ወደ ላይና ታች፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ጎን። ሰው ሲራመድ ይወዛወዛል፤ የእኔም የልጁም ሦስቱም ዓምድ ሞልቷል። የእርስዎ ላይ የሞላው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በዚህ ቤት ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ ቢሮዎ ጥግ ላይ ያለችው ነቅናቂ።»

መርማሪዋ ሌላ ወረቀት አነሣች።

«ቆጣሪዎን ነቅናቂዋ ላይ አስረው ወደ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ሄዱ። ምክንያቱ ደግሞ ይኼ ነው።» ቀይ የተከበበበትን ወረቀት አሳየች። «አልጋ የያዙ አሮጊት በቀን ስምንት ሺህ እርምጃ ሄዱ ይላል። የእሳቸውም ወረቀት ላይ የሞላው አንድ ዓምድ ነው። ቁጥሩን እርስዎ እንደፈበረኩት ዶክተሩ ደርሶበታል። ሰኞ ሊያነበው ነበር።»

ምክትሏ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ደም ሞላው።

«ሽማግሌዎቹ ቆጣሪውን እያወለቁ መሳቢያ ውስጥ ይጥሉታል! ባዶውን ቀን ማን ይሙላው? እሱ ነው የሚሞላው? ሰባት ዓመት ይኼን ጥናት የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ እሱ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ!»

«ሁሉንም ሲያዋርድ ነው የኖረው» አለ ወጣቱ።

«እኔን አንድም ሰኞ አዋርዶኝ አያውቅም! እኔ ሁልጊዜ አንደኛ ነበርኩ!»

ጠጋኙ ከት ብሎ ሳቀ፤ መጥፎ ሳቅ ነበር። «አንደኛዋማ ነቅናቂዋ ናት።»

አለቃው ካቴናውን ከጠጋኙ እጅ ፈትቶ በምክትሏ እጅ ላይ አሰረው። ይዟት ሲወጣ መርማሪዋን ገልመጥ አደረጋት እንጂ አላመሰገናትም።

ወጣቱ ወደ ጠጋኙ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ እኔም ጠርጥሬህ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ጠጋኙ የእጁን አንጓ እያሻሸ አለፈው። መርማሪዋ ፊት ሲደርስ ቆመ።

«ሚስቴ በር ላይ ናት። አንቺ ንገሪያት። የእኔ ቃል ዛሬ ዋጋ የለውም።»

አብራው ወጣች። ሴትየዋ ፀሐዩ ላይ፣ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ የግቢውን ብረት በር ይዛ ቆማለች። መርማሪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እመቤት፣ ባለቤትሽ ንጹሕ ነው። በዚያ ሰዓት ምድር ቤት ብስክሌት ሲነዳ እንደነበር አረጋግጫለሁ።»

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ጠዋት ሲይዙት እኮ ነግሮኛል። ብስክሌት ስነዳ ነበር አለኝ፤ አበቃ። አንቺ እስክታረጋግጪልኝ ነው ስጠብቅ የቆየሁት? ባሌን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ክንዱን ይዛ መንገዱን አቋረጠች። መርማሪዋ ብረት በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።