የሲስተር ቀን

አጋዥ በሚመጣበት ቀን ሰው ይበልጥ የሚደክመው ለምንድን ነው?

ልጅቷ ይህን ያሰበችው የአያቷ መኝታ ክፍል በር ላይ፣ በአንድ እጇ ፎጣ በሌላው ሳሙና ይዛ እንደቆመች ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ሲስተር የምትመጣው በሦስት ሰዓት ነው። እናቷ ግን ከአሁኑ አያቷን ባለ ጎማው ወንበር ላይ አስቀምጣ አጥባለች፣ ፀጉራቸውን አበጥራለች፣ አንሶላውን ቀይራለች። አሁን ደግሞ ወደ አልጋው ልትመልሳቸው እጆቿን በብብታቸው ሥር አሳልፋለች።

«እማ፣ ቆይ እንጂ! ለሁለት እናንሳቸው።»

«አንቺ ፎጣውን ያዢ። ወገብሽ ገና አልጠናም።»

«ያንቺስ ጠንቷል?»

«የእኔ የሞተ ነው፤ አያመውም።»

አያቷ በግማሽ አፋቸው ሳቁ። ከስምንት ወር በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሲፈስ ቀኝ ጎናቸውንና አብዛኛውን ንግግራቸውን ይዞባቸው ሄዷል። የቀሯቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ «እሺ»፣ «ውሃ»፣ «ተዪ»፣ ደግሞ «ሞኝ»። የመጨረሻዋን የሚጠቀሙባት ዜና ሲሰሙ ነው።

እናቷ አነሳቻቸው፤ ሁለት እርምጃ ተራምዳ አልጋው ላይ አሳረፈቻቸው። ቀና ስትል ፊቷ አመድ መሰለ። ግድግዳውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ግድግዳው ግን እዚያ አልነበረም። እርጥቡ ወለል ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«እማ!»

«ዝም በይ፤ እማማ ይደነግጣሉ» አለች ዓይኗን እንደጨፈነች፣ በሹክሹክታ። «ትንሽ ዞረብኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም። ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ሰዓት ነው አሁን የምትጠይቂው?»

«ወለሉ አልደረቀም እኮ። ሰው ሊመጣ ነው!»

ሰው የምትለው ሲስተርን ነው። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ቤት ድረስ ይልካታል። የምትመጣውም አያቷን አጥባ፣ አልጋቸውን ቀይራ፣ እጅ እግራቸውን አፍታታ፣ እናቷ ሁለት ሰዓት ያህል ጋደም እንድትል ነው። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ተጽፏል። የመጀመሪያው ቀን ሲስተር የረጠበውን አንሶላ ስትገልጥ እናቷ ቆማ አየች፤ ፊቷ ቀላ። በሁለተኛው ቀን አንሶላውን ቀድማ ቀየረች። በሦስተኛው ወለሉን ጨመረች። አሁን አራት ወር ሆኗል። በሌሎቹ ቀናት እስከ አንድ ሰዓት ትተኛለች፤ በሲስተር ቀን በአሥራ አንድ ትነሳለች።

«የምትመጣው እኮ ለዚህ ነው» አለቻት ልጅቷ፣ ደግፋ እያስነሳቻት። ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ እንጃ።

«እና ምን ላድርግ? ሽንት የነካው አንሶላ ይዤ በር ልክፈትላት? ምራት ስለሆነች ነው የጣለቻቸው ትበለኝ?»

«አትልም።»

«አንቺ ሰው አታውቂም።»

በሦስት ሰዓት ሲስተር ደረጃውን ወጥታ ገባች። ወፍራም ድምፅ ያላት፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ልጅ ደረቷ ላይ የምታቅፍ ሴት ናት። አልጋውን አየች፣ አያቷን አየች፣ ወገቧን ያዘች።

«እኔ እዚህ ቤት ስመጣ እኮ ሠርግ የተጠራሁ ነው የሚመስለኝ! እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያገቡ ነው?»

«ሞኝ» አሉ አያቷ፣ ደስ ብሏቸው።

ሲስተር ግፊታቸውን ለካች፣ ክንዳቸውን አጠፈች ዘረጋች፣ ከዚያ ሌላ የምትሠራው አልነበረም። ሰማያዊውን ማኅደር ከፍታ «ታጥበዋል፤ አልጋ ተቀይሯል፤ ቀሪ ሥራ የለም» ብላ ጻፈች። እናቷ ይህን ሁሉ ጊዜ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ጋደም አላለችም።

«እርስዎንስ ልለካዎት?» አለች ሲስተር።

«የእኔን ተዪው እህቴ። ጤነኛ ሰው ምን ይለካል?»

«እንግዲያው ልንገርዎት። ብዙ ቤት ወረፋ እየጠበቀ ነው። ይኼ ቤተሰብ በደንብ ተወጥቶታል ብለው ከሦስት ቀን ወደ አንድ ሊያወርዱት አስበዋል። ረቡዕ የመጨረሻውን ቅጽ ይዤ እሄዳለሁ።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ይኼኔ ትናገራለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን ቀሚሷን አስተካክላ፣ ልክ ሽልማት እንደተሰጣት ሰው አንገቷን ቀና አደረገች።

«አንድ ቀንም ይበቃናል። ለባሰበት ይድረስ።»

ከዚያ እንደ ወትሮው ማኅደሩን ወደ ልጅቷ ገፋችው። ከገጹ ግርጌ ቤተሰቡ የሚሞላት አንዲት መስመር አለች፤ «የአስታማሚው ጤና» የምትል። «አንቺ ሙዪልኝ፤ ጽሕፈትሽ ያምራል» ትላለች እናቷ ሁልጊዜ። ልጅቷ «ደህና» ብላ ጻፈች። ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ደህና። ደህና። ደህና። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ደህናዎች፣ ሁሉም በእሷ እጅ፣ ሁሉም ውብ።

ከሰዓት ትምህርት ቤት ስትደርስ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት። እግሯ ራሱን ችሎ ይወዛወዛል። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ፣ አፏ ስለማያርፍ «ሬድዮ» የሚሏት፣ ጉልበቷን ጫን አደረገችው።

«አቦ አቁሚው፤ ዴስኩን አንቀጠቀጥሽው እኮ! ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ደህና ነኝ» አለችና ያቺ ቃል ከአፏ መውጣቷ ራሷን አናደዳት። ቀስ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ የጠዋቱን መውደቅ፣ ቅጹን፣ ሃምሳዎቹን ደህናዎች።

ሬድዮ እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሳች።

«ደህና እኮ ሰላምታ ነው፤ መንገድ ላይ ለሚያገኝሽ ሰው የምትይው። ቅጽ ላይ ምን ያደርጋል? ንገሪያታ!»

«ላንቺ ቀላል ነው። እማ አልቻለችም ብለው አያቴን ወደ አረጋውያን ማዕከል ቢወስዷቸውስ? እማ ‹ለአባትሽ ምን ልለው ነው› ብላ ታብዳለች።»

«ይወስዷቸዋል ያለው ማነው?»

«እማ።»

«እሷስ ከማን ሰማች?»

ልጅቷ አባቷን አሰበች። አባቷ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ። ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው «እማዬ እንዴት ናት?» ብሎ ነው። እማዬ የሚለው አያቷን ነው። እናቷን እንዴት ነሽ ብሎ ጠይቋት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ ትዝ አላላትም። እሷ ራሷስ ጠይቃት ታውቃለች? ሃምሳ ገጽ ሙሉ ስለ እናቷ ጤና የጻፈች ይመስል ነበር፤ አንድም ቀን ግን ቀና ብላ «እማ፣ ምን ልበል?» አላለቻትም።

ማክሰኞን እናቷን እያየች አሳለፈችው። ማየት ስትጀምር የምታየው በዛ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ መስኮት ሥር ነው። ድሮ ክር እንደ ማስመሪያ ቀጥ አድርጋ የምታስኬድ ሴት፣ አሁን የአንድ ቀሚስ ጠርዝ ሦስት ጊዜ ተረተረች። ጣቶቿን ደጋግማ ታፍታታለች። ስትቀመጥ በመጀመሪያ ጠረጴዛውን ትይዛለች፣ ስትነሳም እንደዚያው። ልጅቷ ይህን ሁሉ አይታው ኖሯል፤ ግን እንደ ግድግዳ ቀለም ነበር ያየችው።

«ምነው ፈጠጥሽብኝ? ቀንድ አበቀልኩ?» አለች እናቷ።

«አይ፣ እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ከሆነ መጽሐፍሽ ላይ አፍጥጪ።»

ረቡዕ ያው ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ውሃው፣ አንሶላው፣ ወለሉ። ልጅቷ ቀድማ ተነስታ አያቷን ለማንሳት ተሽቀዳደመች፤ እናቷ በክርኗ ገፋ አድርጋ አለፈቻት። ሲስተር ስትመጣ ግን አንድ ነገር ተለየ። የአያቷ መድኃኒት አልቆ ነበር። እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሲስተር ሰዓት ከቤት ልትወጣ ነጠላዋን ደረበች።

«ፋርማሲው ቅርብ ነው፤ መጣሁ። አንቺ ያቺን መስመር ሙዪላት። እንደተለመደው።»

በሩ ተዘጋ። ሲስተር የመጨረሻውን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ልጅቷ ብዕሩን አነሳች። «ደ» ብላ ጀመረችና ቆመች። በአንድ በኩል እናቷ ስታፍር ይታያታል፤ ያ ቀና ያለ አንገት ሲሰበር። በሌላ በኩል እርጥብ ወለል ላይ የተጨፈኑ ዓይኖች። አያቷ ከአልጋው ላይ አተኩረው ያዩዋታል።

«ደ»ን ሰረዘቻት። በዚያ ገጽ ላይ የመጀመሪያው ስርዝ ነበር። ከዚያ መስመሩ አልበቃት ስላለ ኅዳጉ ላይ ሳይቀር፣ በማያምር ጽሕፈት፣ በፍጥነት ጻፈች። እናቴ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ሁሉን ሠርታ ትጨርሳለች። በአሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች። ሰኞ ዕለት አዙሯት ወደቀች። ወገቧን ያማታል፤ እጇ ይደነዝዛል። ደህና ያልኩት ሁሉ እኔ የጻፍኩት ነው።

ሲስተር አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እዚያ ቤት ስትቀመጥ ልጅቷ አይታት አታውቅም።

«በቀን ስድስት ቤት እዞራለሁ» አለች በመጨረሻ። «አምስቱ ጋ ወገቤ ይቆረጣል። እዚህ ስመጣ አርፋለሁ። ለምን ሁሉ ነገር ተሠርቶ እንደሚጠብቀኝ... አልጠየቅኩም። ለእኔም ተመችቶኝ ነበር።»

«አያቴን ይወስዷቸዋል?»

«ማን? የት? እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ቀን ነው የሚጨመረው እንጂ ሰው አይወሰድም።» ትንሽ አሰበችና «ቀኑ ይጨመራል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። የምወስነው እኔ አይደለሁም። የእናትሽን ግፊት ግን ዛሬውኑ እለካለሁ፤ የሚፈቅዱልኝ ከሆነ።»

«አትፈቅድም።»

«እጠብቃቸዋለሁ። ቀጣዩ ቤት ትንሽ ይቆየኝ።»

ልጅቷ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። እናቷ በዚህ በር ገብታ፣ ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ልትሰማው ነው። ይኼ ከሁሉም የባሰ መሰላት። ስልኳን አወጣች። «ይቅርታ እማ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው። «እንዳትቆጪ» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። ከዚያ ሳትቆም ጻፈች።

«እማ፣ የሰኞውን ለሲስተር ነግሬያታለሁ። ቅጹ ላይም ጽፌዋለሁ። ልትለካሽ እየጠበቀችሽ ነው። እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ እማማ አይደሉም። ቀስ ብለሽ ነዪ፣ ደረጃው ላይ አትሩጪ።»

ላከችው። ወዲያው ተነበበ። «እየጻፈ ነው» የሚለው ብቅ አለ፤ ጠፋ። ደግሞ ብቅ አለ፤ ደግሞ ጠፋ። ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ጨበጠች። ሲስተር የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። አያቷ «ውሃ» አሉ፤ ልጅቷ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ አጠጣቻቸው።

በጽሑፍ መልስ አልመጣም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። ግን ጥቂት ቆይቶ ደረጃው ላይ የእናቷ እርምጃ ተሰማ፤ ቀስ ያለ፣ ያልሮጠ።