ሳይለካ የተቀባው ሰማያዊ

የባሕር እንስሳ አዳኙ ሽማግሌ ኡሎሪያክ የሞቱት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የቀቡትን ካርታ አምነው ነው። ስህተቱን አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩትም ካርታውን ያሠራውን ሰው ስለምወደው ነው።

ሳሊክ ከግሪንላንድ ዋና ከተማ ከኑክ በሄሊኮፕተር የመጣው በየካቲት፣ ከክረምቱ ረጅም ጨለማ በኋላ ፀሐይ ገና በተመለሰችልን ሰሞን ነበር። የባሕር በረዶ ያጠናል፤ ጥናቱን ከልጆች ጋር እንዲሠራ ወደ ትምህርት ቤታችን ላኩት። ሰኞ ሰኞ ክፍሉን ይዘን ወደ በረዶው እንወርዳለን። ልጆቹ ይሰረስራሉ፣ ውፍረቱን ይለካሉ፣ ተመልሰው ካርታ ይቀባሉ። ቀይ ስስ ነው፤ ሰማያዊ ወፍራም።

«አንተ የኑክ ልጅ፣ በረዶ የምታውቀው ከፍሪጅ ውስጥ ነው አሉ» አሉት ኡሎሪያክ ገና በመጀመሪያው ቀን።

«እሱንም ለክቼዋለሁ፣ አባባ። ሁለት ጣት ነው።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዓይኑን ነበር የማየው። እሱም አየኝ። መጋቢት ሲገባ፣ የረሳሁትን ጓንት ልውሰድ ብዬ ቤቱ ገብቼ ጓንቱን እዚያው ትቼ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነበር።

በባሕሩ ዳር ካለው ቋጥኝ ሥር ያለውን በረዶ የባሕሩ ጅረት ከታች ይበላዋል። ስለዚህ ልጆቹን ወደዚያ አናደርስም፤ እዚያ ሰርስረን አልለካንም። በግራና በቀኙ ሰማያዊ ስለነበር ሳሊክ መሃሉንም ሰማያዊ አስቀባቸው። በተማሪዎቼ ፊት ላሳፍረው አልፈለግሁም። በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ፤ በኋላ ሌላ ነገር አወራን።

ኡሎሪያክ ዕድሜያቸውን ሙሉ በረዶን በብረት ዘንግ ሳይወጉ ረግጠው አያውቁም። ያን ማክሰኞ ግን ዘንጉን ለልጅ ልጃቸው፣ ለተማሪዬ ለኒቪ ሰጧት። «ዛሬ የምሄደው ባንቺ ካርታ ነው፣ የኔ አዳኝ» አሏት። ማክበራቸው ነበር። በቋጥኙ ሥር ሲያልፉ በረዶው ከዳቸው፤ የበረዶ ጋሪያቸውን ከሚጎትቱት ዘጠኝ ውሾች ሁለቱ ብቻ ገመዳቸውን በጥሰው ተመለሱ።

ኒቪ ከዚያ ወዲህ ቀለም አትነካም።

ከአደጋው ጥቂት ቀን በኋላ ሳሊክ ቤት ስገባ ስለ አደጋው ሪፖርት ይጽፍ ነበር። «አዳኙ እንደ ልማዱ በዘንግ አልፈተሸም» ይላል።

«ይህን ሰርዘው።»

«ውሸት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው፤ እሱ ነው የሚያስጠላው። ነገ ክፍል ግባና ‹ሳልለካ ያስቀባኋችሁ እኔ ነኝ› በላቸው። ልጅቷ አያቴን ገደልኩ እያለች ነው።»

«ኢቫሉ፣ ይህ ከተሰማ የትኛውም ትምህርት ቤት አያስገባንም። የአሥር መንደር ልጆች ሥራ ይቆማል።»

«ስለ አሥር መንደር ማን ጠየቀህ? ስለ አንዲት ልጅ ነው የማወራህ።»

«በነሐሴ ኑክ አብረን እንገባለን ብለን የለም? ሥራ ሳይኖረኝ በምን እንኑር?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ አንቺም አይተሽ ነበር።»

«አይቻለሁ። እሱንም እነግራቸዋለሁ።»

እጄን ያዘኝ። ያን ጊዜም እወደው ነበር፤ መውደዴ ግን ምንም አልጠቀመም።

«ነገ ትመጣለህ?»

እጄን ለቀቀና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ያን ዓረፍተ ነገር ሳይሰርዝ መጻፉን ቀጠለ። ከዚያ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።