የአዲሱ ባስ አንገት

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ... በእጄም ነክቼዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ኪንሻሳ፣ ማቶንጌ ሰፈር፣ የሙዚቃ ባንዳችን ዕቃ ክፍል ውስጥ።

ባስ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ጊታሩ ግን የኔ አይደለም፤ እኛ ዘንድ መሣሪያ ሁሉ የባንዱ አለቃ ንብረት ነው። አለቃችን ፓፓ ንዞሎ አዲስ ባስ አመጣ፣ ከፋብሪካ ከነላስቲኩ። ድምፁ ወርቅ! አንገቱ ግን ለኔ እጅ ወፈረብኝ። ዘፈኑ ሲፈጥን ጣቴ አልደርስ አለ።

የዚያኑ ቀን አስር ሰዓት ላይ ለሥራ ወደ ማታዲ ከተማ ልንጓዝ ነው።

«ሉባኪ፣ ከመሄዳችን በፊት ልምምድ ላይ ከተንተባተብክ፣ ሌላ ባሲስት አለልኝ» አለኝ ፓፓ ንዞሎ። በሰው ፊት!

አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ተንከራትቼ!

አንገቱን ልሞርደው ቆረጥኩ።

ሁላችንም «ያያ» እያልን የምናከብረው አንጋፋው ጊታሪስት ኪቶኮ፣ ሞረዱን እጄ ላይ አየ።

«ተው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ትንሽ ብቻ ነው፣ ያያ።»

«ፋብሪካ የሠራውን አትንካ። እጅህን አስለምደው።»

«እጄ ላስቲክ ነው እንዴ?»

አልሳቀም። ወጥቶ ሄደ።

ሁሉም ምሳ ወጣ። ክሮቹን ፈታሁ። በጫማዬ ማሰሪያ አንገቱን ዙሪያውን ለካሁና፣ ማሰሪያውን ልክ ጫፍና ጫፉ የሚገጥምበት ላይ ቆረጥኩት።

ሞረድኩ... ሞረድኩ... ብናኙ እግሬ ሥር ተከመረ።

መልሼ ለካሁ።

ማሰሪያው አልገጠመም። አጠረ።

ተሳስቼ ነው ብዬ እንደገና ሞረድኩ። አንገቱ ጭራሽ ወፈረ! ላብ አጠመቀኝ።

ያኔ... በሩ ከውጭ ተቆለፈ።

«ማነው? ኧረ ሰው አለ!»

ክፍሉ መስኮት የለውም።

ከግድግዳው ወዲያ ልምምድ ተጀመረ። ከበሮው ገባ። የያያ ጊታር ገባ። ከዚያ...

ባስ።

ያለን ባስ አንድ ነው። እሱም ጭኔ ላይ ነው፣ ያለ ክር።

አጨዋወቱን አወቅሁት። የኔ ነው። ግን አንዲት ስህተት የለውም።

«ሉባኪ! ዛሬማ ገደልከን እኮ!» ፓፓ ንዞሎ ነው፣ እየሳቀ።

«እዚህ ነኝ! ኧረ እዚህ ነኝ!» በሩን በቡጢም በእግሬም ደበደብኩት። የባሱ ድምፅ ጩኸቴን ዋጠው።

ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ሙዚቃው ጸጥ አለ። የአለቃችን ሚስት ማማ ዞዌ በሩን ከፈተች። ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ውይ! እርስዎን ማን አስገባዎት?»

«ማማ ዞዌ፣ ሉባኪ ነኝ!»

«ሉባኪማ አውቶብስ ውስጥ ነው።»

ገፍቻት ሮጥኩ። አውቶብሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ባለቤቴ ቢቢሽ ልጃችንን ታቅፋ የግቢው በር ላይ ቆማለች። እጇን ያዝኳት፤ የያዝኩበት እጄ የተሸበሸበ የሽማግሌ እጅ ነው።

«ቢቢሽ!»

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። በትሕትና።

«ይቅርታ አባቴ... አላወቅሁዎትም።»

ልጄ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ወደ አውቶብሱ ታውለበልባለች።

«ፓፓ! ቶሎ ና፣ አባዬ!»

ከኋላው መስኮት አንድ እጅ ወጥቶ መለሰላት።